ሙሽራዋን ማን ጠየቃት?

አቶ ኤርጫፎ ከገረሴ ወደ አርባ ምንጭ የወረዱት ክንዱ የተሰበረ መነጽራቸውን ሊያሠሩ ነበር እንጂ ሰው ሊድሩ አልነበረም። ሲቀላ በሚባለው የከተማው ሰፈር ከሚኒባስ ወርደው የጋቢያቸውን አቧራ ሲያራግፉ አንድ ረጅም ወጣት መጥቶ ከኋላ አቀፋቸው። ዞር ቢሉ የሟች እህታቸው ልጅ፣ ራሳቸው ያሳደጉት ካሌብ ነው።

“አጎቴ! እርስዎን እግዚአብሔር ነው ያመጣልኝ። በዚህ ሳምንት ገረሴ ልመጣ ነበር” አለ።

“ምነው፣ ደኅና አይደለህም እንዴ?”

“ደኅና ነኝ። ሽማግሌ እንዲሆኑኝ ልለምንዎት ነው።”

እዚህ ላይ አንባቢ ስለ አቶ ኤርጫፎ ጥቂት ይወቅ። ዕድሜያቸው ሰባ ሊደፍን ምንም አልቀረውም፤ በቤተ ክርስቲያናቸው የተከበሩ፣ ለሽምግልና ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመልሰው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ሁኑልን ሲባሉ ወገባቸው ቀጥ፣ ድምፃቸው ወፈር ይላል። ይህ ካሌብ ደግሞ ሠላሳውን አልፎ፣ ዩኒቨርሲቲውን ጨርሶ፣ የመስኖ መሐንዲስ ሆኖ ሳያገባ መክረሙ እንደ እሾህ ሲወጋቸው ኖሯል። ስለዚህ መነጽሩ ወዲያው ተረሳ።

“ተመስገን! የማን ቤት ነው?”

“ላይኛው ከተማ ሴቻ ነው፤ የዘርፈሽ ቤት። የመዘምራን ልብስ የምትሰፋዋ። ግን አጎቴ፣ መጀመሪያ ስለ ሙሽራዋ ልንገርዎትና…”

“ዝም በል!” አሉ እጃቸውን ከፍ አድርገው። “ስለ ልጅቷ የምሰማው ከቤተሰቧ አፍ ነው። ሽማግሌ የሚጠይቀው ቤቱን እንጂ ልጅቷን አይደለም፤ ደንቡ ይኸው ነው። ዘርፈሽን አውቃታለሁ። ባሏ ከሞተ በኋላ ቤቷን አስከብራ የኖረች ጨዋ ሴት ናት። ሴት ልጅ እንዳላትም ሰምቻለሁ። እሄዳለሁ ብያለሁ፣ እሄዳለሁ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!”

ካሌብ እንደገና አፉን ከፈተ፤ አጎቱ ግን የጓደኛቸውን የአቶ ክንፉን ቁጥር ፍለጋ ስልካቸውን ዐይናቸው ሥር አስጠግተው ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያሉ የገረሴን ወጣት ሁሉ የሚመክሩት እኚሁ ሰው ናቸው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አቶ ኤርጫፎና አቶ ክንፉ ሴቻ ወጡ። የዘርፈሽ ሳሎን ግማሹ ቤት፣ ግማሹ የልብስ ስፌት ነው። ግድግዳው ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው የመዘምራን ልብሶች ተደርድረው ተሰቅለዋል። ዘርፈሽ ነጠላዋን አስተካክላ ወንበር ሰጠቻቸው፤ ልጇ ቤተል የማንጎ ጭማቂ ይዛ ገባች። አቶ ኤርጫፎ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ በጨረፍታ አዩና በልባቸው “ካሌብ ዐይን አለው” አሉ።

“ተቀመጡ እንጂ” አለች ዘርፈሽ።

“ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም” አሉ አቶ ኤርጫፎ ድምፃቸውን አወፍረው። “ወይዘሮ ዘርፈሽ፣ ልጅሽን ለልጃችን ለካሌብ ብለን መጥተናል።”

የዘርፈሽ ፊት ልውጥ አለ። “ልጄን? ቤተልን?”

ቤተል የጭማቂውን ትሪ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። መሳቅም ማልቀስም ያማራት ትመስላለች። “አባባ፣ ተሳስተዋል” አለች። “የሚፈለገው እኔን አይደለም። እማዬን ነው።”

ሰማይ የተደፋባቸው ያህል ነበር። አቶ ክንፉ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው “መነጽሩ ተሰብሮ ነው” አሉ፤ ማንም አልሳቀላቸውም። አቶ ኤርጫፎ እንደ ቆሙ ቀሩ። ከዘርፈሽ ራስ ላይ ያዩት ሽበት የአማት ሽበት መስሏቸው ነበር፤ አሁን የሙሽራ ሽበት ሆኖ አረፈው።

ከሁሉ ቀድማ የተረጋጋችው ዘርፈሽ ናት። “አቶ ኤርጫፎ፣ ካሌብ የነገርዎት መስሎኝ ነው እንጂ ላሳፍርዎት አልፈለግሁም። ወላጆቼ በሕይወት የሉም፤ ከእኔ በቀር እኔን የሚሰጥ ሰው የለም። ካሌብን ያሳደጉት እርስዎ ነዎት። ከእርስዎ ነጥዬ የምወስደው ባል አልፈልግም፤ ይህን ለእሱም ነግሬዋለሁ። ያስቡበት። መልስዎ እምቢ ከሆነ በክብር ይንገሩኝ፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።”

“እ… እንመለሳለን” አሉ አቶ ኤርጫፎ። ጭማቂው ሳይቀመስ ወጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሽምግልና ባዶ እጃቸውን ተመለሱ ማለት ነው።

ካሌብ ሲቀላ አንድ አሳ ቤት ውስጥ እየጠበቃቸው ነበር። አቶ ክንፉ ነገር ሲሸታቸው ብልህ ናቸውና ገበያ አለኝ ብለው ተሰናበቱ። አጎቱ ገና ከበሩ ጀመሩ።

“አንተ ልጅ፣ አዋረድከኝ!”

“ልነግርዎት ስል ዝም በል አሉኝ፣ አጎቴ።”

ይህ እውነት ስለሆነ አቶ ኤርጫፎ የባሰ ተናደዱ። የተጠበሰ አሳ ከነዳጣው ቀረበ። እሾሁን እየለቀሙ፣ ዳጣው እያቃጠላቸው፣ ክርክሩን ተያያዙት።

“ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትቀየመኝ” አሉ። “እናትህ ስትሞት አራተኛ ክፍል ነበርክ። አሁን የምትፈልገው ሚስት ነው ወይስ እናት?”

ካሌብ አልተቀየመም። “ይህን ጥያቄ ከእርስዎ በፊት እኔ ራሴን ጠይቄዋለሁ። እውነቱን ልንገርዎት፤ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሳይኖርበት አይቀርም። የመዝሙር ልብስ ልለካ ሄጄ እጅጌዬን ስታስተካክል እንባዬ መጣ። ለምን እንደመጣ እኔም አላውቅም። እናቱን በልጅነቱ ያጣ ሰው የእናት ወዝ ያለው ነገር ሲያይ ልቡ ይላወሳል። ይህ ኀጢአት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ሳያውቁት ሲያገቡበት ነው።”

“ታዲያ ካወቅኸው ለምን አልተውከውም?”

“እሱን ካወጣሁ በኋላም ብዙ ስለቀረ ነው። እናት የሚፈልግ ሰው እንዲያበሉት፣ እንዲገሥጹት፣ ይቅር እንዲሉት ይሻል። ዘርፈሽ አታበላኝም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስፌት ሲበዛባት እኔና ቤተል ነን የምናበስለው። ሳጠፋ ‘አንተው አበላሸኸው፣ አንተው አስተካክለው’ ነው የምትለኝ። ወገቧን ሲያማት ሐኪም ቤት ይዣት የምሄደው እኔ ነኝ። ከእኩዮቼ ጋር ስሆን ያልሆንኩትን ለመምሰል ስታገል እውላለሁ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፣ የእኔ ጠባይ ነው። እሷ ግን የምትወደውን ታውቃለች፤ የማትወደውንም ትናገራለች። እኔም አጠገቧ ስሆን ሙሉ ሰው ነኝ።”

አቶ ኤርጫፎን ከዕድሜው ልዩነት ይልቅ ያስደነገጣቸው ወንድ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ማብሰሉ ነበር። ግን ሌላ ትልቅ ጥያቄ ስላላቸው አለፉት።

“ዘርስ? ልጅስ? የእህቴ ዘር በአንተ ሊቆም ነው?”

“ተነጋግረንበታል። ‘ሂድና አስብበት፤ ልጅ የሚያምርህ ከሆነ ዛሬ ንገረኝ፣ ካረጀሁ በኋላ አትንገረኝ’ ብላ አንድ ዓመት ሙሉ የመለሰችኝ እሷ ናት። አስቤ ነው የመጣሁት። አሳዳጊ የሚፈልግ ልጅ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? እርስዎስ ያልወለዱትን እኔን አላሳደጉም?”

አቶ ኤርጫፎ ውሃ ጠጡ። የሚወዱት ልጅ የሚወዱትን ነገር አንሥቶ ሲረታቸው ልባቸው በደስታና በንዴት መካከል ቆመ።

“እሺ ይሁን። አንተ ሃምሳ ሲሞላህ እሷ ሰባን ልትይዝ ነው። ያኔ ምን ልትሆን ነው?”

“እርስዎ ዛሬ ሰባን ሊይዙ ነው። ባለቤትዎ እትዬ ጌጤ ገና ሃምሳ አልሞላቸውም፤ የዘርፈሽ እኩያ ናቸው። ታዲያ ምን ሆኑ?”

“ያ ሌላ ነው!”

“በምን?”

“ወንድ ሲሆን…” አሉና ቆሙ። የአሳ እሾህ አንቋቸው አልነበረም፤ የጠፋቸው የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። ትንሽ አስበው ግን ፊታቸው በራ። “እንዲያውም የእኔ ትዳር ምስክር ይሁንብህ! እኔ ታላቅ ነኝ፣ እሷ ታናሽ ናት፤ ስለዚህ ቤቱ ሥርዓት አለው። ይህን ሁሉ ዘመን ስንኖር ጌጤ አንድ ቀን እምቢ ብላኝ አታውቅም። አንድ ቀን እንኳ ‘አንተ’ ብላኝ አታውቅም!”

ካሌብ እጁን ከትሪው ላይ አነሣ። “አጎቴ፣ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው” አለ።

“ምኑ ነው የሚያስፈራው?”

“የዕድሜ ልዩነት በራሱ ክፋት የለውም። አንዷ ያላደገች ልጅ ከሆነች ግን ወንጀል ነው፤ እሱ መነጋገሪያም አይሆን። ሁለት አዋቂዎች ሲዋደዱ የሚያሰጋው ሌላ ነገር ነው። ታላቁ ብዙ አይቷል፣ ቤት አለው፣ ስም አለው፣ ሲናገር ሰው ይሰማዋል። ታናሹ ሳይታወቀው ይዋጣል። ዝም ሲል የተስማማ ይመስላል፤ እሱም ራሱ የተስማማ ይመስለዋል። ዘርፈሽ ይህን ከእኔ ቀድማ አየችው። ‘እርስዎ’ ስላት ‘አንቺ በለኝ’ አለች። ቀጥላም ‘ካሌብ፣ አንድ ቀን እምቢ እስክትለኝ ድረስ እሺ አልልህም’ አለችኝ።”

“እምቢ በለኝ ብላ ለመነችህ? ይህች ሴት ጤና የላትም!”

“መሥሪያ ቤቴ ምዕራብ ዓባያ ሲመድበኝ እንዳልሄድ ለመነችኝ። የሙዝ ገበሬዎቹ ቦይ እኔ የጀመርኩት ሥራ ነው፤ እምቢ፣ እሄዳለሁ አልኳት። አለቀሰች። እኔም ሆዴ ባባ፤ ግን ሄድኩ። ስመለስ በሩ ላይ ቆማ ‘አሁን ሽማግሌ ላክ’ አለችኝ። አጎቴ፣ እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ቢል እሺታው ምን ዋጋ አለው?”

አዋቂ ሰው በነገር ሲረታ ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ ማመን ነው፣ ሌላው ትምህርት ቤቱን መስደብ። አቶ ኤርጫፎ ለጊዜው ሁለተኛውን መረጡ። “ትምህርት አጣሞሃል። አንተን መምከር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው” ብለው ተነሡ። እጃቸውን ሳይታጠቡ ሚኒባስ ተሳፈሩ፤ ዳጣው እስከ ገረሴ ድረስ ጣታቸውን ሲያቃጥላቸው ሄደ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጌጤ ከቤት ጀርባ እንሰት ስትፍቅ መጥተው አጠገቧ ጉቶ ላይ ተቀመጡ። የመጡት ምስክር ፍለጋ ነው። “ያ እብድ ልጅ ምን እንዳደረገኝ ታውቂያለሽ?” ብለው ከመነሻው እስከ መድረሻው አወሩላት። ጌጤ ‘ልጅሽን ለልጃችን’ ላይ ሲደርሱ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

“አያስቅም! ክንፉ ፊት አሮጊት ሙሽራ አቀረበልኝ!”

ሳቋ ቆመ። “እኩያዬ ናት እኮ። እሷ አሮጊት ከሆነች እኔ ምንድን ነኝ?”

አቶ ኤርጫፎ መሬት መሬት አዩ። የካሌብ ጥያቄ ከጆሯቸው አልወጣ ብሎ ሁለት ቀን አስቸግሯቸዋል። ሊያወጡት ፈልገው ይሁን ሳያስቡት፣ እንዲህ አሉ፦

“ጌጤ፣ እኔን ስታገቢ ማን ጠየቀሽ?”

“ሽማግሌዎችዎ አባቴን ጠየቁ። አባቴ እሺ አለ።”

“አንቺስ?”

“እኔ ምንጭ ወርጄ ነበር። ውሃ ተሸክሜ ስመለስ ሰዎቹ በልተው ሲነሡ ደረስኩ። ሲሄዱ እናቴ ‘ታጭተሻል’ አለችኝ።”

“ቢጠይቁሽ ኖሮ ምን ትይ ነበር?”

ጌጤ መፋቂያውን አላስቀመጠችም። “እምቢ እል ነበር” አለች።

ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፤ ስለዚህ የበለጠ ከበዳቸው። “ሌላ ሰው ነበረሽ?”

“ማንም አልነበረኝም። ለነርስነት ትምህርት ተመርጬ ነበር፤ መስከረም ላይ ልገባ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ እርስዎ አርባውን ያለፉ ሰው። ፈርቼዎት ነበር። ክፉ ሆነው አይደለም፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ግን አባቴ የሰጠኝ ሌላ አባት ሆነው ነው ያገኘሁዎት። ለአባት ደግሞ እምቢ አይባልም። ቦታችን ይሸጥ ሲሉ እሺ አልኩ። ልጆቹ አዲስ አበባ ይማሩ ሲሉ እሺ አልኩ። እርስዎ የተስማማሁ ይመስልዎታል፤ እኔ ዝም ማለቴ ነበር።”

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለሴት ብቻ የተነገረ ይመስላቸው ነበር። አቶ ኤርጫፎ አዘኑ፤ አፈሩም። የገረሴን ጎጆ ሁሉ በአፋቸው ሲያቆሙ የኖሩ ሰው የራሳቸውን ቤት ገና ዛሬ ማንኳኳታቸው ነው። የወፈረው ድምፅ የት እንደ ገባ ጠፍቶባቸው፣ “አሁንስ? አሁን ብጠይቅሽ?” አሉ።

ጌጤ ቀና ብላ አየቻቸው። “ላስብበት” አለች። “እስከ ዛሬ አስቢበት ያለኝ ሰው የለም። ይጠብቁ።”

እሳቸውም ጠበቁ። መጠበቅ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ በዚያ ሳምንት ተማሩ። በማግሥቱም ለካሌብ ደውለው “ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ለዘርፈሽ ንገራት” ብቻ አሉት።

ቅዳሜ አቶ ኤርጫፎ የተጠገነ መነጽራቸውን አድርገው፣ አቶ ክንፉንና ጌጤን አስከትለው ሴቻ ወጡ። አቶ ክንፉ “ሴት ከሽማግሌ ጋር መቼ ሄዳ ታውቃለች?” ቢሉ “እኔ የማላየውን የምታይልኝ እሷ ናት” አሏቸው። እንደ ደንቡ ሳይቀመጡ ቆሙ።

“ዘርፈሽ” አሉ፣ “ባለፈው ልጅሽን ለልጃችን ብዬ አጠፋሁ። ያጠፋሁት ሰው በመሳት ብቻ አይደለም። ሙሽራዋ ልጅሽ ብትሆን ኖሮ እንኳ አንቺን ጠይቄ፣ እሷን ሳልጠይቅ ልሄድ ነበር። ዛሬ አንቺን ከራስሽ ልንጠይቅ መጥተናል። ካሌብን ትፈልጊዋለሽ ወይ?”

ዘርፈሽ የነጠላዋን ጫፍ ዐይኗ ላይ ያዘች። “በሕይወቴ አንድ ጊዜ ተድሬያለሁ” አለች በመጨረሻ። “ስጠየቅ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አዎ፣ እፈልገዋለሁ።”

አቶ ኤርጫፎ ወደ ቤተል ዞሩ። “አንቺስ የቤቱ ልጅ? አንቺም አፍ አለሽ።”

“እኔማ መጀመሪያ ሰው ምን ይላል ብዬ አኩርፌ ነበር፣ አባባ” አለች ቤተል። “በኋላ እማዬ ከስፌቷ ላይ ሆና ብቻዋን ስታንጎራጉር ሰማኋት። አባዬ ከሞተ ወዲህ ሰምቻት አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚለውን ይበል ብያለሁ።”

“እንግዲያው እንቀመጥ” አሉ አቶ ኤርጫፎ፤ የማንጎ ጭማቂውንም ሁለት ብርጭቆ ጠጡ። ካሌብ ተጠርቶ ሲገባ ትከሻውን ይዘው ሁሉም እየሰማ መከሩት። “ስማ ልጄ። እሷ ትበልጥሃለች፤ አንድ ቀን ደግሞ ጉልበትህ ይበልጣታል። ያኔ አሁን የሰጠችህን መልስላት፤ እምቢ ማለት እንድትችል አድርጋት። ዕድሜን እግዚአብሔር ሰጥቷችኋል፤ መጠያየቅ ግን የእናንተ ሥራ ነው። የተጠየቀች ሴት ቤቷን ቤቴ ትላለች። እምቢ ሲባል የሰማ ሰው ደግሞ እሺ ሲባል ያምናል፤ በጥርጣሬ አይኖርም።”

ዛሬ በገረሴና በዙሪያዋ አቶ ኤርጫፎን ሽማግሌ የሚልክ ሁሉ ይህን ያውቃል፦ አባት ከመጠየቁ በፊት ልጅቱ ትጠየቃለች። ያጉረመረሙ አባቶች አልጠፉም። እምቢ ያለች አንዲት ልጅ ተምራ መምህርት ስትሆን፣ እሺ ያሉትም ባሎቻቸውን ፊት ለፊት እያዩ ሲያወሩ ግን ማጉረምረሙ ጋብ ብሏል። አቶ ክንፉ እንደሚሉት፣ የሚድሯቸው ጥንዶች ትንሽ ቢቀንሱም ለዕርቅ የሚጠሩባቸው ቤቶች ከዚያ ይበልጥ ቀንሰዋል። የዘርፈሽና የካሌብ ሠርግ ላይ መዘምራኑ የለበሱትን ልብስ ሙሽራዋ ራሷ ሰፍታዋለች፤ ያሙትም ሰዎች መጥተው በልተዋል።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ የሆነ ነው። የዚያን ቀን፣ ከሴቻ ሲመለሱ፣ ጌጤ ሚኒባሱ ውስጥ ቀድማ ገብታ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። የመስኮቱ ወንበር ምንጊዜም የአቶ ኤርጫፎ ነው።

“ጠጋ በይልኝ፣ እኔ ልለፍ” አሉ እንደ ልማዳቸው።

“እምቢ” አለች ጌጤ። “ዛሬ እኔ ነኝ የማየው።”

አቶ ኤርጫፎ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከዳር ተቀመጡ። መኪናው ዳገቱን ተያያዘው። ጌጤ ከአርባ ምንጭ ሥር ያለው ሐይቅ ከዐይን እስኪጠፋ ድረስ በመስኮቱ ስታይ ቆየችና፣ ፊቷን ሳታዞር፦

“ያን የሰኞውን ጥያቄህን አልመለስኩልህም” አለች።

አቶ ኤርጫፎ ከኋላ ላለ ሰው የምትናገር መሰላቸው። ዞረው ቢያዩ ከኋላቸው የተቀመጠው መንገደኛ እንቅልፍ ወስዶታል። “እኔን ነው?” አሉ።

“አንተን ነው። አስቤበታለሁ። እሺ።”

አቶ ኤርጫፎ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ፤ እየጠረጉም ገረሴ ደረሱ።